የትርንጎ ገዳይ

ሴትዮዋ በሳንባ ነቀርሳ የሞተችባትን ልጇን ትርንጎን ከቀበረች ወዲህ አንድ ምኞት ብቻ ነበራት፤ ገዳይዋን በዓይኗ ማየት። በበሽታው ላይ ለሚደረግ ምርምር ደሟን ከሰጠች በኋላ፣ ተመራማሪው ናሆም ቤተ ሙከራ አስገብቶ ከማይክሮስኮፕ ጋር የተያያዘ ስክሪን ፊት አስቀመጣት።

«ይቺ ቀጭኗ ባክቴሪያዋ ናት። ትልቁ የእርስዎ ነጭ የደም ሴል ነው።»

ባክቴሪያዋ ሴሉ ላይ ተለጠፈች። ሴሉም ቀስ ብሎ ከበባትና ዋጣት።

«እሰይ! ትርንጎዬ፣ ደምሽን መለስኩልሽ!» ብላ ክፍሉን በእልልታ አቀለጠችው።

ናሆም አንገቱን ደፋ። «እናቴ፣ ባክቴሪያዋ አልሞተችም። የተለጠፈችው እንድትዋጥ ብላ ነው። የምትባዛው እዚያው ሴሉ ውስጥ ነው።»

እልልታው ተቋረጠ። ሴትዮዋ ስክሪኑን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችለት።

«የሚገድላት እስኪገኝ ድረስ ደሜን ቅዳ።»