«ልጄ ይመጣል»

«ሲስተር፣ ስልኩን ላውድ ላይ አድርጊውና ሁላችንም እንስማ!»

እንዲህ ያሉት ሰብሳቢው አቶ ሐብተማርያም ናቸው።

ሲስተር ሰብለ ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስቀመጠችው።

ሶዶ፣ የቤሌ ልማት ማኅበር ቢሮ። ከአምስቱ የቦርድ አባላት አራቱ ተሰብስበዋል።

አምስተኛው ጋሽ ሶርሳ ታመው ሆስፒታል ተኝተዋል። ከገጠሯ ቤሌ ሶዶ ድረስ ያመጣቸው የማኅበሩ አምቡላንስ ነው።

የዛሬው አጀንዳ ምን መሰላችሁ?

ያንኑ አምቡላንስ ሸጦ ለቢሮው ፒካፕ መግዛት!

አዎ... በትክክል ነው ያነበባችሁት።

ሰብለ ቤሌ ነርስ ናት። አምቡላንሱ ሳይገዛ በፊት ምጥ የያዛት አንዲት እናት በቃሬዛ ወደ ሶዶ ስትወሰድ መንገድ ላይ ሞታባታለች። ያንን ቀን ዳግመኛ ማየት አትፈልግም።

እሷና መምህር ገብርኤል «አይሸጥም» ይላሉ። ሰብሳቢውና ፋኑኤል «ይሸጥ» ይላሉ።

ሁለት ለሁለት!

በደንቡ መሠረት ድምፅ እኩል ከሆነ ሰብሳቢው ያለበት ወገን ያሸንፋል። ሰውዬው ግን ብልጥ ናቸው... ነገ ቤሌ ላይ «አምቡላንሳችንን የሸጠው ሐብተማርያም ነው» መባልን ፈርተዋል።

ስለዚህ መምህር ገብርኤል «በስልክ ድምፅ አይሰጥም፤ ጋሽ ሶርሳ ተወካይ ይላኩ» ሲሉ እምቢ አላሉም። «እስቲ ማንን እንደሚልኩ እንስማ» አሉ።

ስልኩ ተነሳ።

«ሰብለ! ደህና ነህ?» አሉ ጋሽ ሶርሳ በደከመ ድምፅ።

ፋኑኤል እንደለመደው ሳቁ አመለጠው። አቶ ሐብተማርያምም «ዛሬም ሲስተርን ወንድ አደረጓት!» ብለው አሽሟጠጡ።

ሰብለ አልሳቀችም። «ጋሽ ሶርሳ... በእርስዎ ቦታ ማን ይምጣ?»



«ልጄ ይመጣል።»

ሰብለ ልቧ ቀጥ አለ!

ልጃቸው ማቲ... «አዲሱን ፒካፕ የምትነዳው አንተ ነህ» ተብሎ በሰብሳቢው ቃል የተገባለት ማቲ! ቤሌ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው የለም።

የአቶ ሐብተማርያም ፊት በራ። የሶርሳ ቤት ራሱ «ይሸጥ» ካለ ማን ይናገራቸዋል?

«ድምፅም ይሰጣል?» ብለው ጠየቁ።

«ይሰጣል። የእሱ ድምፅ የኔ ድምፅ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ።

«እንግዲህ የውሳኔ ሐሳብ አቀርባለሁ!» አሉ ሰብሳቢው እጃቸውን እያፋተጉ። «በሕመም የቀረ አባል የላከው ልጁ ሙሉ ድምፅ ይኑረው። የሚደግፍ?»

እሳቸውና ፋኑኤል እጃቸውን አወጡ። መምህር ገብርኤልም ራሳቸው ያነሱትን ሐሳብ መካድ አፍረው አወጡ።

«የሚቃወም?»

ሰብለ ብቻዋን...

«ሦስት ለአንድ! ጸድቋል። መምህር፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈር። ሁላችንም እንፈርም።»

ፈረሙ። ሰብለም ሳትወድ ፈረመች። ጋሽ ሶርሳን ምን ነካቸው? በዚያ አምቡላንስ መጥተው በዚያው አምቡላንስ ላይ ይፈርዳሉ?

በሩ ተንኳኳ።

«ግባ ማቲ! ግባ!» ሰብሳቢው ከወንበራቸው ተነሱ።

በሩ ተከፈተ...

ብሩክታይት ገባች።

የጋሽ ሶርሳ ሴት ልጅ! አባቷን ስታስታምም የሰነበተችው... ባለፈው ክረምት በዚያው አምቡላንስ ሶዶ ደርሳ የተገላገለችው። ሕፃኗን አዝላለች።

«እንደምን ዋላችሁ? አባባ ልኮኝ ነው» አለች።

«ማቲስ?»

«ማቲ ሥራ ላይ ነው። ምነው፣ ፈልገውት ነበር ጋሼ?»

«አባትሽ 'ይመጣል' ነው ያሉት! ወንድ ነው ያሉት!»

«ውይ ጋሼ... አባባ እኮ እናቴንም 'መጣ፣ ሄደ' ነው የሚላት። እርስዎ ሁሌ የሚስቁበት አይደል እንዴ?»

ፋኑኤል ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ተሰርዟል! ተወካይ አይፈቀድም!» ጮኹ ሰብሳቢው።

መምህር ገብርኤል መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«አቶ ሐብተማርያም፣ ሐሳቡን ለድምፅ ያቀረቡት ራስዎ ነዎት። የፈረሙትም ራስዎ ነዎት። ይሻር ካሉ እንደገና ድምፅ እንስጥ... አሁን ግን አምስት ነን።»

ሰብሳቢው ተቀመጡ፤ መምህር ገብርኤል ወደ አጀንዳው አለፉ።

«አምቡላንሱ ይሸጥ የሚል?»

ሁለት እጅ።

«አይሸጥ የሚል?»

ሦስት! የብሩክታይት እጅ ከሁሉም ቀድሞ ነው የወጣው።

ሰብለ ከስብሰባው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል በረረች።

«ጋሽ ሶርሳ! ማቲ መስሎኝ ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ! ደግነቱ አማርኛዎ አዳነን» አለች እየሳቀች።

ሽማግሌው ትራሳቸውን ደገፍ ብለው አዩዋት።

«አማርኛዬ ምን ሆነ? ማቲን ብልከው ይሸጠዋል። ብሩክታይት ትመጣለች ብል ደግሞ ሐብተማርያም ወንበር አይሰጣትም። ይኸው ሄደች፣ ተቀመጠች፣ እጇን አወጣች። አንቺም በዓይንሽ አየሻት።»

ሰብለ የተናገሩትን በልቧ ደገመችው።

ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት... አንድም ቦታ አልተሳሳቱም!

«በል አሁን ሂድ ሰብለ... ቤሌ በሽተኛ ይጠብቅሃል» አሉና ጠቀሷት።

ወዳጆቼ... በሰው አነጋገር ስንስቅ አንድ ነገር እንረሳለን። ያ የምንስቅበት ሰው ሳቃችንን እየሰማ ነው። ዝም ማለቱ አለማወቁ አይደለም።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... ጋሽ ሶርሳ ቦርዱን አታለሉ ትላላችሁ? ወይስ ሰብሳቢው በገዛ ሳቃቸው ራሳቸውን ነው ያታለሉት?

ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ። እኔም አፌን በወላይትኛ የፈታሁ የሶዶ ልጅ ነኝና ስመልስላችሁ ሴትና ወንድ ቢቀላቀልብኝ... እንዳትስቁ! 😄