አዎ፣ እኔ ነኝ

«ለማጥፋት እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀው ኮምፒውተሩ። ዓወል በዕድሜው እርግጠኛ የሆነበት ነገር ጥቂት ነው። ባሕር ማዶ ሲማር ለመመለሱ እርግጠኛ አልነበረም፤ ከተመለሰ በኋላም ደብረ ብርሃን መቀመጡ ልክ ይሁን ስህተት እስከ ዛሬ አልለየለትም። እዚህ ላይ ግን አላመነታም። ተጫነው፤ አሮጌው ብሮውዘር ከነማስታወሻው ጠፋ።

«በቃ፣ ከእንግዲህ ጀልባዎቹ አይመጡም?» አለች እህቱ ፈሂማ። ከኮምፒውተሩ ላይ ያነሳችውን ዳንቴል ጭኗ ላይ ዘርግታ ጠርዙን በጣቷ ታስተካክላለች።

«አይመጡም።»

ወንድማቸው ታጁ በመተማ ወጥቶ ሊቢያ ከደረሰ በኋላ ድምፁ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል። እናታቸው ኩብራ በየጁምዓው ፈሂማን ኮምፒውተሩ ፊት እያስቀመጠች የሰመጡ ጀልባዎችን ታስፈልጋለች፤ የተረፈ ሰው ስም፣ ፎቶ፣ ምንም ይሁን። ኮምፒውተሩም የቤቱን ሐዘን ለመደ። አባታቸው የብርድ ልብስ ዋጋ ለማየት ሲከፍቱት እንኳ አስቀድሞ የሚያቀርብላቸው የተገለበጠ ጀልባና አሸዋ ላይ የተደረደረ አስከሬን ነበር።

ዓወል አሁን የጫነው አዲሱ ብሮውዘር ይህን አያደርግም። የተጠየቀውን አያስታውስም፤ ማንም ተከትሎ እንዲያይ አይፈቅድም፤ መንገዱንም በሌላ አገር አዙሮ ስለሚሄድ የሚጠቀምበት ሰው የት ቁጭ እንዳለ አይታወቅም። ዓወል ልማዱን ይዞ የመጣው ከተማረበት አገር ነው። ለእናቱ ሊያደርግላት የሚችለው ይኸው ብቻ መሰለው።

ነገ የታጁ ሰደቃ ነው። ከአሊዩ አምባ ዘመድ ይመጣል፤ ኢማሙ አስከሬኑ ላልተገኘ ሟች የሚሰገደውን ሶላት ያሰግዳሉ። በጉ ጓሮ ታስሯል። «እስከ መቼ እንዲህ እንኖራለን? ሞቷል ብለን እንቀበል» ብሎ ቤቱን ያሳመነው ዓወል ነው። አባቱ አልተከራከሩትም። «አንተ ካልክ» ብቻ አሉ።

«እማ ከነገ በፊት የታጁን ኢሜይል አንዴ ክፈቱልኝ ብላለች» አለች ፈሂማ። «አሮጌው ላይ ሁሌም ክፍት ነበር። አሁን ፓስዎርድ ይፈልጋል፣ አይደል?»

«ታውቂዋለሽ?»

«የሌይላ ስም ነዋ፣ የጎረቤታችን። ሚስጥር መደበቅ የት ያውቅበታል።»

ዓወል ፈገግ ሊል ቃጥቶት ተወው። ስሙን ጻፈ። ገጹ ግን አልተከፈተም። «ማንነትህን ለማረጋገጥ ስልክህ ላይ መልእክት ልከናል» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ከሥሩ ትንሽ ክብ ነገር ይሽከረከራል።

«የማን ስልክ ላይ?» አለ።

በሩ ተከፈተና አባታቸው ዓብዱራህማን የጓሮውን ጉም አስከትለው ገቡ። ምንጣፉን ከነጫማቸው ረገጡት፤ ከዚህ በፊት ይህን ሲያደርጉ ያየ ሰው የለም። ስልካቸውን ውኃ እንደሞላ ጣሳ በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

«ዓወል፣ ና እስቲ አንብበው። የታጁ ስም ነው ወይስ ዓይኔ ነው?»

የታጁ ስም ነው። ስልኩን ከመሄዱ በፊት የገዛላቸው እሱ ነበር፤ ኢሜይል ስለሌላቸው በራሱ ኢሜይል ከፍቶ ሰጣቸው። ያን ጊዜ ዓወል አገር ውስጥ አልነበረም። «ታጁ፣ ለመግባት እየሞከርክ ያለኸው አንተ ነህ? ቦታ፦ ሩማንያ። ጊዜ፦ አሁን» ይላል። ከታች ሁለት ቁልፎች አሉ፦ «አዎ፣ እኔ ነኝ» እና «አይ፣ እኔ አይደለሁም»።

ዓወል ወዲያው ገባው። ለመግባት የሞከረው ራሱ ነው፣ አሁን፣ ከዚሁ ወንበር ላይ። አዲሱ ብሮውዘር ደብረ ብርሃንን ሰውሮ ሩማንያ ብሎለታል።

«ሩማንያ የት ነው?» አሉ አባቱ።

«አውሮፓ» አለች ፈሂማ፤ ተነስታ ቆማለች።

«ባሕሩን ተሻግሯላ።» ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ ጮክ ቢሉ የሚበር ይመስል። ከዚያ ወደ ጓሮው ዞረው፣ «ኩብራ፣ ለበጉ ቢላዋ መሳሉን ተዪው። ታጁ በር ላይ ነው፤ ክፈቱልኝ እያለ ነው» አሉ።

«አባ፣ ቁጭ ይበሉ።»

«ሁለት ዓመት ቁጭ ብያለሁ። የትኛውን ነው የምጫነው?»

«አባ፣ እነዚህ ነገሮች ቦታ ይሳሳታሉ። ሩማንያ አለ ማለት ሩማንያ ነው ማለት አይደለም።»

አባቱ ቀና ብለው አዩት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። «ያን ሁሉ ዓመት መጠራጠር ነው ያስተማሩህ» አሉ። «ሞቷል ስትለኝ ግን አልተጠራጠርክም።»

የቀረው፣ «የሞከርኩት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር። አፉንም ከፍቶ ነበር። አባቱ ግን ቢስሚላህ ብለው አውራ ጣታቸውን የላይኛው ቁልፍ ላይ አሳረፉ፣ የተኛ ሕፃን ግንባር እንደሚዳስስ ሰው በቀስታ።

መልእክቱ ከስልኩ ጠፋ።

«ገባ» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ገባልኝ።» ስልኩን እንዳቀፉ ወደ ጓሮ ወጡ።

ዓወል ዞረ። ክቡ መሽከርከሩን አቁሟል፤ የታጁ ኢሜይል ተከፍቷል። ከላይ እስከ ታች ያልተነበበ ማስታወቂያ ነው። ጥግ ላይ ጥፍር የምታክል ፎቶው አለች፤ አሊዩ አምባ ገበያ፣ የበርበሬ ጆንያ ተደግፎ ይስቃል።

ፈሂማ ከኋላው ቆማለች። ኮምፒውተሩን አየች፤ ከዚያ ወንድሟን አየች።

ከጓሮ የእናታቸው እልልታ ተሰማ። ካጥሩ ማዶ ጎረቤት ተቀበለቻት።

ፈሂማ ዳንቴሉን በሁለት ጫፉ ይዛ ስክሪኑ ላይ ቀስ ብላ አለበሰችው፤ ጠርዙን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገችው። ብርሃኑ ግን አልጠፋም። በቀዳዳዎቹ እየሾለከ፣ የወንድማቸውን ሳቅ ቁርጥራጭ አድርጎ ያሳያል።