ከኋላ የመጣችው ፒክአፕ

ደምሰው ደብረ ብርሃን ከጨረታ የገዛትን አሮጌ ኮሮላ እየነዳ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲጓዝ፣ ከጨረታው ግቢ በር ጀምሮ አንዲት ነጭ ፒክአፕ እንደምትከተለው ልብ አለ። ሲያዘግም ታዘግማለች፤ ሲፈጥን መብራቷን እያብለጨለጨች ትደርስበታለች። ኮሮላዋ ከባለቤቶቿ የተወረሰች መሆኗን ሰምቷል። «እነሱ ናቸው፤ ሊገድሉኝ ነው» አለ። ነዳጁን ረገጠ።

ጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ጉም ወርዶ፣ የተበላሸ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ጠበቀው። ማምለጫ የለም። የጎማ መፍቻውን ብረት ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ ጨበጠ። ጥቁር የለበሰች ሴት ከፒክአፕዋ ወርዳ እየሮጠች መጣችና መስታወቱን በሁለት እጇ ደበደበች።

«ዞር በይልኝ! በሕግ ነው የገዛሁት!» ብሎ ጮኸባት።

«ወንድሜ፣ መኪናዋን አልፈልጋትም!» አለች እያለከለከች። «ከዋሻው ማዶ ያለውን ቁልቁለት እንዳትወርድባት ብዬ ነው። ፍሬኗ ሲሞቅ አይዝም። ባሌን እዚያ ነው የበላችው፤ ቀጥቅጠው ቀብተው ነው የሸጡልህ። ግቢ ገብቼ ልነግርህ ብል ዘበኛው ከለከለኝ።»

የተበላሸው የጭነት መኪና ወደ ዳር ተገፍቶ፣ ከፊት የቆሙት መኪኖች ወደ ዋሻው መግባት ጀመሩ። ደምሰው የእጅ ፍሬኑን ስቦ ወረደና አስፋልቱ ላይ ተቀመጠ።