ልጅ ይማር

እናቶችን በነፃ የሚያስተምረው ድርጅት አዲስ ስም ያስፈልገው ነበር። የድሮው ስም ከመርዘሙ የተነሳ ጎረቤቱ ክሊኒክ እየመሰለው በሽተኛ ደግፎ ይመጣል።

«ማንም ሳይጠይቅ የሚገባው ስም አምጡ» አሉ አስተማሪዋ። «ያመጣችው ስም ለተመረጠላት እናት፣ በሕፃናት ክፍል የቀረችው አንዲት ቦታ ለልጇ ትሰጣለች። ቦታዋ ግን ለአምስት ዓመት ልጅ ናት።»

ዳቦ ጋጋሪዋ ቀድማ ተነሳች። የአምስት ዓመት ልጇ ቀኑን ሙሉ ከምድጃ አጠገብ ነው የምትውለው።

«የብርሃን ጮራ!»

«አምፖል መሸጫ ነው እንዴ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እሺ፣ የዕውቀት ምንጭ!»

«ሰፈሩ ጀሪካን ይዞ ይሰለፍብሻል።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከሕፃናቱ ክፍል ጫጫታ ርቃ፣ ጥግ ላይ የምትቀመጠው ዝምተኛዋ እናት ግን አልሳቀችም። ተነስታ በጠመኔ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመች ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ ልጅ ይማር።

አስተማሪዋ ጮክ ብለው አነበቡት። ሁሉም አጨበጨበ። ከዚህ የጠራ ስም ከየት ይመጣል?

ዳቦ ጋጋሪዋ ብቻ እጇን አጣጥፋ ቀረች። «ለመሆኑ ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አምስት።»

«አምና ስትመዘገቢም አምስት ብለሽ ነበር! ምነው እቴ፣ ያንቺ ልጅ አታድግም እንዴ? ለቦታዋ ስትይ ዕድሜ ትደብቂያለሽ?»

ዝምተኛዋ አንገቷን ደፋች። እጅ ከፍንጅ የተያዘች ሌባ መሰለች።

«ደግሞስ መቼ ይዘሻት መጥተሽ ታውቂያለሽ? እኛ ልጅ አዝለን ፊደል እንቆጥራለን፤ አንቺ እጅሽን እያወዛወዝሽ ትመጫለሽ። ምን ልታነቢ ነው የምትማሪው?»

«የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን።»

«ፋርማሲ ልትከፍትልን ነው!» አለች ልብስ ሰፊዋ። እንደገና ተሳቀ።

«በቃ!» አሉ አስተማሪዋ። «ስሙ ተመርጧል። አንቺም ሰኞ ልጅሽን ይዘሻት ነይ፤ ዕድሜዋን አይተን እንወስናለን።»

«ቦታዋን ለእሷ ልጅ ይስጡልኝ፣ እትዬ» አለች ዝምተኛዋ ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ እያመለከተች።

«አላልኳችሁም?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ ወደ ሴቶቹ ዞራ። «ይኸው ተጋለጠች!»

ዝምተኛዋ ማንንም አላየችም። ወደ ሰሌዳው ጠጋ ብላ «ማ» ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«እትዬ፣ እርስዎ አጥብቀው አነበቡት። እኔ እንደ ‹ነፍስ ይማር› አላልቼ ነው የጻፍኩት።»