የአሥራ አራት ኪሎዋ ልጅ

«ዘጠና ስድስት!» እያለ ኃላፊው በሩን በርግዶ ገባ። «ከመቶው ዘጠና ስድስት! ባለፈው ወር እኮ ሰባ አንድ ነበር፤ ይኼ ሞዴል ምን ነካው?»

ፈታኟ ፈገግ አለች እንጂ ከወንበሯ አልተነሳችም። አሥራ ሰባት ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ አሁን የምታርመው የማሽን መልስ ነው፤ ሞዴል የሚሉትን፣ የጤና ጥያቄ የሚመልሰውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት። የፈተናውን አራት መቶ ጥያቄዎች ያወጣችው እሷው ናት። ሰኞ ሞዴሉ በአሥራ አንድ ጤና ጣቢያዎች የእናቶችን ጥያቄ መመለስ ይጀምራል፤ እሷም የፈተና ክፍሉ አለቃ ትሆናለች። የሹመት ደብዳቤዋ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን የሆነ ነገር ከነከናት። ሰነፍ ተማሪ በአንድ ጊዜ አንደኛ ሲወጣ፣ አስተማሪ «ጎበዝ» ከማለቱ በፊት አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ ያያል።

«እስቲ አንዴ ልሞክረው» አለች።

«እትዬ ደግሞ! ፎቅ ላይ ኬክ እየተቆረጠ ነው።»

ከፈተናው አንዱን ጥያቄ አወጣች። አሥራ አራት ኪሎ የምትመዝን ልጅ ትኩሳት ይዟታል፤ ከዚህ ሽሮፕ ስንት ይሰጣት? መልሱ ሰባት ሚሊ ሊትር ነው። አሥራ አራቱን አጥፍታ ሦስት ኪሎ ብላ ጻፈችና ላከችው።

ሞዴሉ ስሌቱን በትሕትና ዘርዝሮ «ሰባት ሚሊ ሊትር» ብሎ መለሰ። በስሌቱ ውስጥ ልጅቷ አሁንም አሥራ አራት ኪሎ ነበረች።

ክው አለች። ሌላ ጥያቄ አወጣች፤ ቁጥሩን ለወጠች። ሦስተኛም ሞከረች። ሁሉም ያው ነው፣ የድሮውን መልስ ይመልሳል።

«ሸምድዶታል» አለች።

«ምኑን?»

«ፈተናውን፣ ከነመልሱ። አያውቅም እኮ! ሸምድዶ ነው።»

የኃላፊው ፊት ተለዋወጠ። «ከየት አግኝቶ? ፈተናው ተቆልፎ አይደለም እንዴ የሚቀመጠው?»

ከየት እንዳገኘው ያኔ ነው የገባት። ከሁለት ወር በፊት ለአዳዲስ አራሚዎች መመሪያ ስታዘጋጅ፣ አዲስ ምሳሌ ማውጣት ሰልችቷት የገዛ ፈተናዋን ከነመልሱ አባሪ አድርጋው ነበር። መመሪያው የጋራ ፎልደር ውስጥ ገባ። ሞዴሉን የሚያሠለጥኑት ባለሙያዎች ደግሞ ፎልደሩን እንዳለ ጠራርገው መማሪያ እንዲሆነው አበሉት።

ዝም ብትል ማን ያውቃል? ዘጠና ስድስት ያገኘን ማን ደግሞ ይፈትነዋል? ፈራች። ደብዳቤውን ስንት ዓመት ነው የጠበቀችው። ነገር ግን የሦስት ኪሎ ጨቅላ በእጇ ተቀብላ ታውቃለች፤ ሰባት ሚሊ ሊትር ቢግቱት ምን እንደሚሆንም ታውቃለች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ፈተናውን የአራሚዎቹ መመሪያ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

«ወይ ጉድ! ወይ ጉዴ!» ኃላፊው ጭንቅላቱን ያዘ። «ዳይሬክተሩ እኮ እየጠበቀኝ ነው! ምን ልበለው? በምን ዓይኔ ልየው?»

«እኔ እነግረዋለሁ። የሰኞው ሥራ ግን መቅረት አለበት።»

አፍጥጦ አያት። ሊቆጣ አፉን ከፈተና፣ እስክሪኑ ላይ ያለውን መልስ አንዴ ደግሞ አነበበው። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ… አይ፣ አልመጣም። ሰኞ የሚባል ነገር የለም… ቁጥሩ ውሸት ነው። አዎ፣ ውሸት… ኬኩንማ ብሉት።»

ስልኩን ዘግቶ ወደ እሷ ዞረ። «እትዬ፣ ያ ደብዳቤ እንግዲህ…»

«አውቃለሁ። ተወው።»

«ሌላ ፈተና ለማውጣት ስንት ቀን ይፈጅብሻል?»

«አንድ ወር። አራት መቶውንም እንደ አዲስ ነው።»

«አሁኑኑ ጀምሪ። ለማንም እንዳታሳዪ። ለእኔም ቢሆን።»

ይወጣል ብላ ጠበቀች፤ አልወጣም። አንድ ወንበር ወደ ግድግዳው አዞረና የምትጽፈውን እንዳያይ ጀርባውን ሰጥቷት ተቀመጠ። እሷም ባዶ ገጽ ከፍታ የመጀመሪያውን ጥያቄ መጻፍ ጀመረች።