ጃለኔ ለቅሶ የደረሰች ቀን

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ያቺን አግዳሚ ሳቧትና ተቀምጣችሁ ስሙኝ።

ጃለኔ ጉደር ላይ በተተከለው የአባቷ የለቅሶ ድንኳን ደጃፍ ቆማለች፤ የአብራሪነት ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ከውስጥ ግን አንድም ሰው አልተነሣም። በእኛ ዘንድ ሩቅ የነበረ ልጅ ሲመጣ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሣል፤ ሴቶቹ እየጮኹ ወጥተው ያቅፉታል። ያን ቀን ግን ወንድሟ ገለታ፣ እሷን ብሎ የሚያለቅስ ከእኔ ጋር ተቆራረጠ ብሎ አስቀድሞ አስጠንቅቆን ነበር።

አባታቸው ኦቦ ዋቆ ሲያጣጥሩ፣ ጃለኔ መጣች ወይ እያሉ በሩን በሩን ሲያዩ ነው ያለፉት። እሷ ከባሕር ማዶ ከመነሣቷ በፊት ገለታ ደውሎ፣ አባባ ሊያልፍ ነው፣ ድረሺ ብሏታል። ታዲያ እሷ የምታበረው አውሮፕላን ውቅያኖስ መሀል አንድ ሞተሩ ጠፋ። ወደ ኋላ ዞራ አንዲት ደሴት ላይ አሳረፈችው። እዚያ ከተሳፋሪዎቿ ጋር ሌላ አውሮፕላን ስትጠብቅ እኛ እዚህ አባቷን ቀበርን።

ገለታ ተነሥቶ ፊት ለፊቷ ቆመ። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ሁለተኛው ሞተር ይሠራ ነበር?»

«ይሠራ ነበር።»

«እዚህ ያደርስሽ ነበር?»

«ሊያደርሰኝ ይችል ነበር።»

ሣቀ፤ ክፉ ሣቅ። «ሰማችሁልኝ? በጎጆ ከተማ ኮረኮንች መንገድ የሚነዳ ሾፌር እንኳ አባቱ ሲሞትበት በተነፈሰ ጎማም ቢሆን ይገባል።»

ጃለኔ ሻንጣዋን መሬት ላይ ጣለችው። እሷም ተቆጥታለች።

«ብቻዬን ብሆን እኔም እገባ ነበር። ልቤ ወደ አባባ እንደሚጎትተኝ አውቄዋለሁ። ስላወቅሁት ነው ሳላመነታ የዞርኩት። የሰው ልጅ ጭኜ በራሴ እንባ አልነዳም።»

ገለታ በጣቱ ወደ መንገዱ አሳያት። «ሂጂልኝ።»

ያኔ ከድንኳኑ ጥግ የእናታቸው የአዴ ድንቅቱ ድምፅ ተሰማ። በለቅሶ ብዛት ሰልሏል።

«የጫንሻቸው ሰዎች ሁሉም ቤታቸው ገቡ?»

«ገቡ፣ እማ።»

«እንግዲያ የእነሱ አባቶች ልጆቻቸውን አይተዋል።»

ምሰሶውን ተደግፈው ተነሡ። ገለታ፣ እማ ተቀመጪ አላቸው። «አንተ ተቀመጥ» አሉት፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት። ከዚያ ምሰሶውን ለቀቁና ሁለት እጃቸውን ወደ ደጁ ዘረጉ። «ኮቱ፣ ልጄ። ነይ፣ አባትሽን እናልቅሰው።» የባላቸውን ስም ጠርተው እንደ መጀመሪያው ቀን ጮኹ። አንዷ ሴት ተነሣች፤ ሌላዋ ተከተለች፤ ከዚያ ሁሉም ገለታን እየገፉ አልፈው ወጡ።

እሱ አልወጣም። እናቱ የለቀቁትን ምሰሶ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል፤ ድንኳኑ ከላይ እስከ ታች ይንቀጠቀጥ ነበር።

ልጆቼ፣ የዘገየ ሰው ደጃፋችሁ ላይ ሲቆም ያቺን ምሰሶ አስታውሱልኝ።