ዝቅ ያለው ቃና

ፒያኖው መግቢያውን ቢጨርስም ጸሐይወርቅ ማይክራፎኑን እንደያዘች መዝፈን አልጀመረችም። አዲስ አበባ በነበረው የሆቴል ባንድ አብረዋት ጃዝ ይጫወቱ የነበሩት ጓደኞቿ ከሃያ ዓመት በኋላ ቶሮንቶ፣ ፓርክዴል ሰፈር ውስጥ ባለች ትንሽ አዳራሽ እንደገና ከኋላዋ ቆመዋል። ያስጀመሩላትም የወጣትነቷን ዘፈን፣ ያኔ በምትዘፍንበት የድምፅ ከፍታ ነበር። ጠዋት ኪችኗ ውስጥ ስትሞክረው ግን ድምጿ ተሰንጥቆባታል።

ፒያኖ ተጫዋቹ መግቢያውን ደገመላት። ፊቷ ጋለ። ለእነሱ አንድ ቀንም «አልችልም» ብላ አታውቅም። በመጨረሻ ታዳሚው እንዳያይባት እጇን ወደ ኋላ አዙራ አውራ ጣቷን ወደ መሬት ቀሰረች፤ ዝቅ አድርጉልኝ ማለቷ ነበር።

ሳክስፎን ተጫዋቹ ጥሩነህ ጠጋ አላት።

«ይቅርታ ጥሩነህ፣ እርጅና ነው» አለችው በሹክሹክታ።

«ኧረ ተመስገን!» አለ እየሳቀ። «እኔንም እኮ ያ ከፍታ ካቃተኝ ቆይቷል። ልነግርሽ አፍሬ ነው እንጂ።»

ዘፈኑ ዝቅ ብሎ ተጀመረ። ጸሐይወርቅ በጎረነነ ድምጿ ገባች። እሷ ትንፋሽ ስትወስድ ጥሩነህ በሳክስፎኑ እየሞላላት፣ እሱ ሲደክመው እሷ እየቀጠለችለት፣ እስከ መጨረሻው አብረው ዘለቁ።